ሁለተኛዋ ብርቄ

የሺመቤት «የቀጠሮ ድልድይ» በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ ብርቄን ሆና አራት ዓመት ተጫውታለች። ሾላ ገበያ ስትወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ ዛሬም «ብርቄ» ይሏታል። በ1973 ሸክላ እንኳ ሳታስቀርጽ፣ የራሷን ድምፅ በቴፕ አንዴም ሳትሰማ ጉሮሮዋን ታማ ኦፕራሲዮን ሆነች። ከዚያ ወዲህ ከአፏ ዜማ አልወጣም። ቴአትር ቤቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የፊልም ገምጋሚ አደረጋት።

በ1978 ያው ቴአትር ፊልም ሆኖ ቦሌ ወዳለው የግምገማ አዳራሽ መጣ። አዘጋጁ መድረኩንም ያዘጋጀው ረታ ነው። ብርቄን የምትጫወተው ግን ፍረወይኒ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

«የት አገኘሃት?» አለችው የሺመቤት።

«ታይፒስት ነበረች። ፊቷን አይቼ ነው።»

ፊቷን! የሺመቤት ከንፈሯን ነከሰች።

መብራቱ ጠፋ። ልጅቷ ድልድዩ ላይ ቆማ ስትዘፍን አዳራሹ እርጭ አለ። የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ጓድ ገብረአምላክ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። የሺመቤት አንጀቷ አረረ። ረታ ፊልሙን ትቶ የሺመቤትን ፊት ፊቷን ያያል። «ያደረገውን ያውቃላ!» አለች በሆዷ።

«እንዴት አየሽው?» አላት መብራቱ ሲበራ፤ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል።

«ትወናዋ አይከፋም። ድምፁ ግን ቀጭን፣ ልታይ ልታይ የሚል ነው። ብርቄ እንዲህ አልዘፈነችም።»

ፈገግታው ደረቀ። «የሺ፣ እስቲ አንዴ...»

«ገምጋሚ ሲወያይ አዘጋጅ ይወጣል፤» አለች በሻካራ ድምጿ። «ውሳኔው በደብዳቤ ይደርስሃል።»

ገብረአምላክ ትንሽ ተከራከረ። ነገር ግን ከመካከላቸው ሙዚቃ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለነበረች ቃሏ ጸና፦ ፊልሙ ይለፍ፣ ዘፈኖቹ በሌላ ዘፋኝ ይቀዱ። ቴፕ እንደልብ የማይገኝበት ጊዜ ነውና አሮጌው ተደምስሶ በላዩ ይቀዳበት ተባለ። ደብዳቤውን ራሷ ይዛ ወደ ድምፅ ክፍል ወረደች።

«ዋናው ቴፕም ጭምር?» አላት ባለሙያው ግርማይ።

«ዋናውም።»

ማሽኑ ዞሮ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀች። የዚያን ቀን ምሳዋን በደንብ በላች።

በማግስቱ ጠዋት ፍረወይኒ ጉርድ ሾላ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ አብጧል። የሺመቤትን ትንሽ አሳዘነቻት።

«አይዞሽ፤ ድምፅ የእግዜር ስጦታ ነው። ላልተሰጠው ምን ይደረጋል?»

«እኔማ ከንፈሬን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት፣ እትዬ፤ የተደመሰሰው እርስዎ በ1971 ሲዘፍኑ ጋሽ ረታ ከመጋረጃ ጀርባ የቀዱት ነው።»