የሻምበል መልካሙ ለቅሶ

ካሳሁን ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀና አለቀሰ። ሻምበል መልካሙ ሞቷል። ዘልዬ አንብቤ ይሆናል ብሎ ገጹን ከላይ ጀመረው፤ ያው ነው። ሁለት ጥይት፣ የገዛ ቢሮው ደጃፍ ላይ።

መርማሪው ሻምበል መልካሙ የሃያ ሦስት መጻሕፍት ሰው ነው። ካሳሁን የመጀመሪያውን ያነበበው ወጣት የወባ መከላከያ ሠራተኛ ሆኖ ሐራ በተመደበ ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውርጌሳ ሠርቷል፣ ጡረታ ወጥቶ መርሳ ገብቷል። አዲስ ቅጽ በወጣ ቁጥር ወልድያ ሄዶ ይገዛል፤ ሲመለስ ግን ሚኒባስ ውስጥ አይገልጠውም። ቤቱ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚጀምረው።

ገዳዩን ቀድሞ ደርሶበት አያውቅም፤ ግድም አልነበረውም። ደስ የሚለው ሻምበሉ አስከሬኑ ዘንድ ሲደርስ ባርኔጣውን ማውለቁ፣ የሚከንፈውን ሾፌሩን "ቀስ በል፤ የሞተ ሰው አይቸኩልም" ማለቱ ነው። በየቅጹ ይላታል። ካሳሁንም በየቅጹ ይስቃል፤ ብቻውን፣ ድምፁን አውጥቶ።

"ጋሽ ካሳሁን?"

ጎረቤቱ ከድጃ ፓፓያ በሳህን ይዛ በሩን ገፋ አደረገች። ፊቱን ስታይ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ውይ! ምነው? ማን ሞተብዎት?"

"መልካሙ" አለ፤ ከአፉ አመለጠው።

"ኢና ሊላሂ!" ሻሿን አስተካክላ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። "ወንድምዎት ናቸው?"

"ወንድሜስ አይደለም።"

"ስንት ዓመት ትተዋወቁ ነበር?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት።"

"ልጅ አላቸው?"

"የለውም። ሚስቱም ገና በአራተኛው ላይ... ገና በልጅነቷ ነው ያረፈችበት።"

ከድጃ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "በሉ፣ ብቻዎትንማ አይሆኑም። ለእድሩ ልንገር፤ ወንዶቹ መጥተው ድንኳን ይጣሉ" ብላ ብድግ አለች።

ካሳሁን ደነገጠ። ግን ለአፍታ ዝም ማለት አማረው። ሰፈርተኛው አግዳሚ ወንበር ይዞ ሲገባ፣ አጠገቡ ሲቀመጥ፣ አንዱ ጠጋ ብሎ "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ሲለው ታየው። የሚነግራቸው ብዙ ነበር።

"ቆይ፣ ከድጃ።" መጽሐፉን ከአልጋው ላይ አንሥቶ አሳያት። "እዚህ ውስጥ ነው የሞተው። የልብ ወለድ ሰው ነው።"

ሽፋኑን አየች። ከዚያ እሱን አየች። ትስቅብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልሳቀችም።

"እውነተኛ ሰው እኮ አይደለም" አለ አፍሮ። እንባው ግን እንደገና መጣ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ያሉኝስ?"

"እሱ እውነት ነው።"

ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከአስፋልቱ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና አጓርቶ አለፈ።

"ጋሽ ካሳሁን" አለች ቀስ ብላ፣ "ታዲያ ሌላ ማን አለዎት?"

"የቢሮው ጸሐፊ ኤልሳቤጥ አለች" አለ ወዲያው። "ኩርፊያ ታበዛለች እንጂ ልቧ ደግ ነው። ይታገሱ የሚባል ልጅ እግር መርማሪም አለ፤ ከሃያኛው ጀምሮ ነው የመጣው፣ ጎበዝ ነው። ደግሞ ሐኪሙ፣ ዶክተር..."

ከድጃ ቀና ብላ አላየችውም። መዳፎቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ አቀርቅራ ነበር። የጠየቀችው ስለ መጽሐፉ እንዳልሆነ ያኔ ገባው፤ የሐኪሙን ስም ሳይጨርስ ተወው።