ፍሪጅ የተቀበረበት ፊልም

"ክፍል ሁለትማ ቀልድ ነው! አበላሽተውታል!"

አንዷለም ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። የማንጎ ጁሱ ሊደፋ ምንም አልቀረውም።

ቆቦ... ቅዳሜ ከሰዓት... አስፋልቱ የሚፋጅበት ሰዓት።

ሦስት አብሮ አደጎች ጋሽ ፈሪድ ጁስ ቤት ቁጭ ብለው፣ በልጅነታቸው ስላዩት የባለካባው ጀግና ፊልም ይጨቃጨቃሉ። አግብተዋል፣ ወልደዋል... ጭቅጭቃቸው ግን ያው ነው!

"ፊልምማ ክፍል አንድ!" አለ ደሳለኝ። "አክተሩ ከተማውን ለማዳን ሲደማ ያላለቀሰ ማን አለ? ክፍል ሁለት ላይ ግን... እዚሁ ጎረቤታችን ሮቢት ላይ አውቶብስ ስላመለጠው በሰማይ ይበራል!"

"ፍሪጅ የሚቀበርበት ፊልም ደግሞ ምን ፊልም ነው?" አንዷለም ቀጠለበት።

ተንከተከቱ።

እሱባለው ብቻ አልሳቀም።

"ከሁሉም የሚበልጠው ክፍል ሁለት ነው" አለ እንደ ሁልጊዜው። "እሱን አይቶ ያልሳቀ ሰው፣ ሰው አይደለም።"

ነገሩ እንዲህ ነው...

ያኔ ይሄ ጁስ ቤት ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ልጆች አግዳሚው ላይ ተፋፍገው፣ ጋሽ ፈሪድ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ጨብጠው ቆመው ፊልሙን በአማርኛ ይተረጉሙ ነበር። ካሴቱ ሲነክስ አውጥተው እፍ እስኪሉበት ድረስ ቤቱ ጸጥ ይላል። ወይ ጊዜ! ከጎብዬ ድረስ እሳቸውን ለመስማት የሚመጣ ነበር እኮ።

እሱባለው ክፍል ሁለትን ያየው የአባቱ አርባ ሳይወጣ ነው።

ጥቁር የለበሱ ሰዎች ነጭ የሚያብረቀርቅ ሣጥን ተሸክመው ያለቅሳሉ...

ጋሽ ፈሪድ በማይክ "ፍሪጅ ገዝተው መብራት ጠፋባቸው! ሥጋው እንዳይበላሽ መሬት ውስጥ ሊቀብሩት ነው!" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱባለውም ሆዱን ይዞ ሳቀ... እንደሳቀ ቤቱ ገባ።

ለቅሶ ቤት!

አጎቱ በጥፊ አጮለው። "የአባትህ አፈር ሳይደርቅ ትስቃለህ?"

እናቱ ማናለብሽ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

ያ ዝምታዋ እስከዛሬ ይቆጠቁጠዋል። ለክፍል ሁለት ጠበቃ የሆነው ለዚህ ነው... ፊልሙ የሚያስቅ ካልሆነ፣ እሱ በአባቱ ሞት የሳቀ ልጅ ሊሆን ነው።

"በቃ እንየውና ይለይልን!" አንዷለም ስልኩን አወጣ። "ከቴሌግራም አውርጄዋለሁ። አማርኛ ጽሑፍ አለው።"

አዩት።

አውቶብስ የለም። ሮቢት የለም። የሚያስቅ ነገር... ምንም!

ከዚያ ነጩ ሣጥን መጣ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ "አባቴ፣ ደህና ሁን" ይላል።

ሦስቱም ክው አሉ። ያኔ እኮ በእነሱ ሰፈር ሬሳ በሰሌን ተጠቅልሎ በቃሬዛ ነበር የሚወጣው። እንደዚያ ያለ የሬሳ ሣጥን አይቶ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም።

የእሱባለው ፊት ልውጥ አለ።

"እኔ... በአባት ቀብር ላይ ነው እንደዚያ የሳቅሁት?"



ጋሽ ፈሪድ የሚልጡትን ማንጎ አስቀምጠው እጃቸውን እያደራረቁ መጡ።

"አስቄህ ነው እንጂ፣ አንተማ መች ሳቅህ!" አሉት።

"እንዴት ማለት?"

"ካሴቱ ከደሴ ገና መድረሱ ነበር፤ እኔም አላየሁትም። ስከፍተው ቀብር ሆኖ ቁጭ! ዞር ስል አንተ ጭንቅላትህን ተላጭተህ ከፊት ተቀምጠሃል። ወላሂ፣ ላብ አጠመቀኝ። ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝ ፍሪጅ ነው።"

"እንግሊዝኛውስ ታዲያ?" አለ ደሳለኝ።

"የምን እንግሊዝኛ? እኔ እንግሊዝኛ ከየት አመጣለሁ?"

"እንዴ! ክፍል አንድስ?!" አንዷለም ከወንበሩ ተነሳ።

"እሱንም እንደገና ባታዩት ይሻላችኋል።"

ሁለቱ በሳቅ ሞቱ። እሱባለው ግን ገና እዚያው ነው...

"ጋሽ ፈሪድ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገሩኝም?"

ሰውየው ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

"እናትህ አደራ ብላኝ ነዋ! ያን ቀን ጠዋት ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በጓሮ በር መጣች። 'አባቱ ከተቀበረ ወዲህ ቃል አልወጣውም፣ እህልም አልቀምስ ብሎኛል... እልክልሃለሁ፣ እባክህ አንዴ አስቅልኝ' አለችኝ። 'ዘመድ ከሰማ ይታዘበኛል፣ ለማንም እንዳትናገር' አለችኝ።"

እሱባለው ጁሱን ትቶ ወጣ። ባጃጅ እንኳ አልጠበቀም።

እናቱ ደጅ ጥላው ሥር ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅማለች።

"እማዬ... ያኔ ጋሽ ፈሪድ ጋ የላክሽኝ አንቺ ነሽ?"

እጇ ቆመ።

"ነገረህ? ወይ ይሄ ሰውዬ!" አለች። "ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? አባትህን ቀብሬ አንተን ልድገም?"

"አጎቴ ሲመታኝስ ለምን ዝም አልሽ?"

ማናለብሽ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

"ሳቅህን ገና ከአጥሩ ውጪ እያለህ ሰምቼዋለሁ... ለቅሶተኛው ቤቱን ሞልቶታል... አፌን ብከፍት እልል እል ነበር።"

.

ወገኖቼ... እኔ ይሄን ስጽፍ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፣ አልደብቃችሁም።

በሐዘን መሀል የሳቀ ሰው ሟቹን ረሳ ማለት አይደለም። የሆነ ሰው ተጨንቆ ተጠቦ ወደ ሕይወት እየመለሰው ይሆናል። ስለዚህ ለጥፊም ለፍርድም አንቸኩል!

እስቲ እናንተም ንገሩኝ... ዓለም በጨለመባችሁ ጊዜ ያሳቃችሁ ሰው ማን ነበር? አመስግናችሁታል ወይስ ገና ነው? ስሙን ኮመንት ላይ እንየው! 👇