ዝም ያለው መስሚያ

በዚያ ዘመን ሐሰተኛ መሆኑ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የመሣሪያ ዓይነት ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ በዚያው ቅጽበት ሥራውን ያቆም ነበር። የምርመራ ባለሙያዋ ራኬብ የዚያን ቀን ያጋለጠችው የጆሮ መስሚያ ነበር፤ ባትሪው እየፈሰሰ የስንቱን ጆሮ አቁስሏል። ውጤቱን ፈርማ ደስ ብሏት ወጣች።

ቤት ስትገባ አባቷን አቶ ደምሰውን ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ይቀንሱት እንጂ!»

ዘወር አላሉም። ትከሻቸውን ስትነካቸው ደንገጥ አሉና መስሚያቸውን ከጆሯቸው አውጥተው ሰጧት።

«ድንገት ዝም አለብኝ። ልጄን አላስቸግርም ብዬ ከገበያ በርካሽ የገዛሁት ነው። እስቲ እይልኝ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ቀኑን ሙሉ ስትመረምረው የዋለችው ዓይነት ነበር።

«ያስጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች።

አቶ ደምሰው ከንፈሯን አተኩረው አዩና ፊታቸው በራ።

«ይሠራል አልሽኝ? ተመስገን!»