ተቆልፎበት ያደረ አበባ

አበባው ማታ ሙሽራ መስሎ ይገባል፤ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ካርኔሽኑ አንገቱን ደፍቶ፣ የጽጌረዳው ቅጠል ወለል ላይ ረግፎ። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ጓዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ቁልፉም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአዲሷ አንገት ወርዶ አያውቅም።

«አዲሷ» ያሏት የገበያው ሰዎች ናቸው። ባሏ ሲሞት ነው የአበባ ጅምላ ንግድ ውስጥ ዘላ የገባችው። ገበያው የአያት የቅድመ አያት ነው፤ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ሰው ሊያየውም ሊገዛበትም ይመጣል። ስሙን ያቆየለት አንድ ደንብ ነው። የጠወለገ አበባ ደጋግሞ ያቀረበ ነጋዴ ቦታውን ይለቃል፣ ወዳጅ ዘመድ አይባልም። ሽማግሌዎቹ እሷንም አስጠንቅቀዋታል። አንዴ ከደገመች ልጆቿን የምታበላበት ደጅ ተዘጋ ማለት ነው።

ጥርጣሬዋ ጎረቤቷ ላይ ወደቀ። ዱዳው ይሉታል፤ መናገር አቅቶት ሳይሆን ስለማይወድ። የሁለቱን ጓዳ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው። ሰላምታዋን በአገጩ ይመልሳል፣ ዓይኑ ግን ከባልዲዎቿ አይነቀልም። አንድ ማለዳ ዞር ብላ ስትመለስ ባልዲዋ ውስጥ ነጭ ነገር ሲበትን በዓይኗ በብረቱ አየችው። ከዚያን ቀን ወዲህ በገበያው ውስጥ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።

እትዬ ባይኖሩ ኖሮ አብዳ ነበር። እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። እዚሁ ገበያ ባልዲ መሀል ያደጉ፣ ቦታው ከእናታቸው ለታናሽ ወንድማቸው ሲተላለፍም ክፉ ቃል ከአፋቸው ያልወጣ ሴት። ማታ ማታ እየመጡ አብረዋት ይዘጋሉ። ገና ንግዱን ስትጀምር የባሏ ሐዘን ምግብ ከልክሏት ስትከሳ አንጀታቸው አልችል ብሎ የበሰለ ሙዝ በቅርጫት ያመጡላት ጀመር። ቤት ከወሰድሽው ልጆቹ ይጨርሱታል፣ እዚሁ ይደርና ማለዳ ስትገቢ ትበያለሽ እያሉ በገዛ እጃቸው ከባልዲዎቹ ኋላ ያኖሩላታል። መቼ ይዋጥላትና! ቅርጫት በቅርጫት ላይ ተደረበ።

የነጩን ነገር ስትነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ዛሬ አበባሽን፣ ነገ አንቺን ነው» አሏት። «ይቅርብሽ ልጄ። የቦታውን ጣጣ እኔ ልሸከምልሽ።»

እሺ ልትል ምንም አልቀራት። ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብላ በቀራት ገንዘብ ሁሉ አበባ ገዝታ ቆለፈችበት።

ጠዋት ስትከፍት ያው ነው፤ ግማሹ አንገቱን ደፍቷል። ሽማግሌዎቹ የየነጋዴውን አበባ ለማየት ሊዞሩ ትንሽ ነው የቀራቸው። የተረፈውን ላድን ብላ ውሃ ልትቀዳ ሮጠች። ስትመለስ ዱዳው ጓዳዋ ውስጥ ተንበርክኮ፣ እጁን ከባልዲዎቹ ኋላ እስከ ክንዱ ሰዶ አገኘችው።

 የአበባ ግንድ የምትቆርጥበትን ቢላዋ እንደምንም አነሳች። ልጆቿ ዓይኗ ላይ ድቅን አሉባት።

«ምን አደረግሁህ?» አለችው። ድምጿ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

ዱዳው ቀስ ብሎ ተነሳ። ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ ጎትቶ ከበሩ ውጭ አወጣቸው።

«ዛሬ ሽታው በጣውላው አልፎ መጣብኝ» አላት። «ያን ቀን ውሃው ላይ ስኳር በትኜ ላተርፍልሽ ሞክሬ ነበር እኮ፤ የሚገድላቸው ይኼ መሆኑን አላወቅሁም። የበሰለ ሙዝ አበባ ካለበት ቤት አያድርም፣ እህቴ። ትንፋሹ ያጠወልገዋል።»

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። መርዝ የለም፣ ጠላት የለም። 

«እትዬ ናቸው ያመጡልኝ፣ እንድበላ ብለው» አለች። «ምስኪን፣ እሳቸው ይኼን ከየት ያውቁታል?»

ዱዳው ወደ በሩ ዞረ። ቅርጫቶቹን አየ፣ እሷን አየ።

«እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»