ስሙ ያለበት ደብተር

ቢላዋው ሦስተኛውን ቅጠል በስቶ ሲወጣም ጺርል አላመነችም። አባቷ የሚቀልዱ መሰላት። አባቷ ፊሽል ጸሐፊው እንኳን የልጃቸውን ደብተር፣ ዝንብ አይነኩም ይባላል በሰፈሩ።

ቢላዋው የዝይ ላባ የሚቀርጹበት ነው፤ ኦሪት የሚጽፉበትን ብዕር የሚስሉበት፣ ሌላ ሰው እንዲነካው የማይፈቅዱት። ከየቅጠሉ አናት ላይ አራቱን የፈጣሪ ስም ፊደላት ብቻ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቁራጭ፣ ዙሪያውን ቀስ ብለው ያወጡና ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጣሉ። የቀረውን፣ የጺርልን ጽሑፍ፣ እግራቸው ሥር ወዳለው ቅርጫት ይጥሉታል። ቅርጫቱ ውስጥ ትናንት ማታ ቤቱ ተበርብሮ የተለቀመ የዳቦ ፍርፋሪ አለ።

በመስኮቱ የግቢው በርሜል ሲጨስ ይታያል። የአይሁድ ፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ኢየሩሳሌም ሙሉ የተቃጠለ ዳቦ ይሸታል። እርሾ የነካው ሁሉ አምስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አመድ መሆን አለበት።

«አባዬ፣ አይቻልም እኮ!» አለች። «ስሙ ያለበት ወረቀት አይቀደድም፣ አይቃጠልም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«ስሙ አይቃጠልም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ስሙን አውጥተን ካረጁት መጻሕፍት ጋር በክብር እንቀብረዋለን። ሌላው ወረቀት ነው።»

ወረቀት! ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈችው ወረቀት ሆኖ አረፈው።

የመጀመሪያ ደብተሯን እናቷ ምድጃ ውስጥ የጨመረችው ቀን፣ ጺርል እዚሁ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ስታለቅስ፣ አባቷ ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ ሞኝ፣ ስሙ ቢኖርበት ኖሮ ማን ይደፍረው ነበር?» ብለው ጠቀሷት። እሷ ደግሞ ነገር አይደገምላትም። አዲስ ደብተር ገዛችና ከየቅጠሉ ፊት አናት ላይ ስሙን ጻፈች፤ ከሥሩ ያሻትን። የሥጋ ሻጩን ሚዛን፣ የእህቷን የሂንዳን ማንኮራፋት፣ የሂንዳ አማት ልትሆን ያለችውን የወይዘሮ ብሉማን የዝይ አረማመድ። ወረቀት እንዳይባክን ጀርባውንም ከአናት እስከ ግርጌ ሞላችው።

የሚያነቡት አባቷ ብቻ ነበሩ። ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቁ ነበር። መደበቂያውንም ያሳዩአት እሳቸው ናቸው፤ መቀበሪያ ቀናቸውን የሚጠብቁ አሮጌ የጸሎት መጻሕፍት የታጨቁበት ጆንያ። ማንም እጁን አይሰድበትም። የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ሁለቱ ብቻ። ይህን ያሰበችው ገና አሁን ነው።

«ማን አወጣው ታዲያ? ድመቷ?»

ቢላዋው ቆመ፤ እንደገና ቀጠለ።

«ወይዘሮ ብሉማ ሰምታለች» አሉ አባቷ። «እኔን ዝይ ናት የሚል ደብተር እዚያ ቤት ካለ የልጄ ቀለበት ይመለስልኝ ብላለች። እናትሽና እህትሽ ሲያለቅሱ ነው ያደሩት።»

«እሷስ ከማን ሰማች?»

«ከጸሎት በኋላ… ለአንድ ሁለት ሰው… ለሳቅ ያህል ነው እንጂ፣ አንዷን ብቻ ነው የነገርኳቸው። የዝይዋን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥሩ ነበረች እኮ» አሉ።

ጺርል ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ነገር ሳምንት ሙሉ ትኩራራ ነበር። አሁን ግን ቅርጫቱን አየች።

«እና እርስዎ ስቀው፣ እኔ ልቃጠል?»

«አፍሽን ያዢ! ጥፋቱስ የማን ሆነና? እኔ ስሙን ለመጻፍ ውኃ ውስጥ ገብቼ ነጽቼ እወጣለሁ፣ ‹ለስሙ ቅድስና› ብዬ በአፌ እናገራለሁ፣ ንጉሥ ሰላም ቢለኝ ቀና አልልም። አንቺ ፈጣሪን የደብተር ዘበኛ አድርገሽ በር ላይ ገተርሽው!»

«ዘበኛውን የቀጠሩልኝ እርስዎ ነዎት!»

ይህን ጊዜ ቀና አሉ። በጥፊ የሚሏት መስሏት ጠበቀች፤ እንዲያውም ተመኘችው። አላሏትም። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ሄደና ቢላዋው የቀሩትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ጨረሰ።

«አባዬ፣ አለቀ ወይ? እሳቱ ሊጠፋ ነው!» አለች ሂንዳ ከበሩ። ዓይኗ አብጧል። ጺርልን ሳታይ፣ ቅርጫቱን እንደ ታመመ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። ከላይ ያለው ቅጠል አናቱ ላይ መስኮት ተከፍቶበታል፤ በመስኮቱ የዳቦ ቅርፊት ይታያል።

በርሜሉ ጋ ጎረቤቱ ሁሉ የእርሾውን መሻሪያ ቃል ያነበንባል። በእጄ ያለው እርሾ፣ ያየሁትም ያላየሁትም፣ እንደ ምድር ትቢያ ይሁን። ነበልባሉ አንዴ ከፍ አለና ተመለሰ። ያን ያህል ብቻ።

አባቷ ነጩን ጨርቅ ሊያጥፉ ቁራጮቹን መሰብሰብ ጀመሩ። አርባ ስምንት ናቸው፤ ጺርል ቅጠሎቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። አንዷ ከጣታቸው አምልጣ ተገለበጠችና በጀርባዋ ተኛች።

በጀርባዋ የጺርል የእጅ ጽሑፍ አለ። ሁለት ቃል፤ ግራና ቀኙ በቢላዋ የተቆረጠ።

«…አባቴ ብቻ…»

ሁለቱም አነበቡት። የቀረው ዓረፍተ ነገር በርሜሉ ውስጥ ነው። አባቷ ምን ይል እንደነበር ይጠይቋት ይሆን ብላ ፊታቸውን አየች። ቁራጯን ሊቀዷት አይችሉም፣ እሳት ውስጥ ሊጨምሯት አይችሉም፤ በወዲያኛው በኩል ስሙ አለ።

ጣታቸው በላይዋ ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብለው አነሷትና፣ ስሙን ወደ ላይ አድርገው፣ ከሌሎቹ ጋር አስተኟት።