ስንት ሰዓት ይፈጃል?

"ይሄ ጨዋታ ለማለቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለችኝ እናቴ።

"ታሪኩን ብቻ ለተከተለ ሃምሳ ሰዓት። ከተማውን ለሚዞር ግን ማለቂያ የለውም።"

"ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል?"

ወንድሜ ይትባረክ ሲሞት የመጨረሻው ተልዕኮ ቀርቶት ነበር፤ ለአርባው ልጨርስለት አስቤያለሁ። ያን ምሽት ጥቂት ተጫውቼ በማግስቱ ስከፍተው ግን ይትባረክ ያጫውተው የነበረው የጨዋታው ሰውዬ ካቆምኩት ቦታ የለም። ጨዋታው የሚቆጥረው የተጫወትንበት ሰዓትም ጨምሯል። ቤት የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ ቴሌቪዥን እንኳ የምከፍትላት እኔ ነኝ። ፀጉሬ ቆመ።

አንድ ቀን ከሥራ ቀድሜ ገባሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች፤ ጆይስቲኩ በእጇ ነው። ሰውዬው ጠመንጃውን እንዳነገበ በጨዋታው ከተማ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጎንበስ ቀና ይላል።

"ጫማህን አውልቅ" አለችኝ ሳትዞር፤ "ወንድምህ እየተሳለመ ነው።"