ምሳ ላይ ዓይኑን የጨፈነው መሐንዲስ

የፋብሪካው ላንድሮቨር በሩ ላይ ቆመች…

ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መዝሙሩን አቋርጦ ትንፋሹን ዋጠ።

"መጡ" አለች ጎረቤታቸው ፀሐይነሽ። የመዝሙር መጽሐፏን የምታደርግበት ብታጣ በርበሬ ዕቃው ውስጥ ቀበረችው።

ደምመላሽ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። "በእኔ ጦስ ነው" አለ በሆዱ…

ነገሩ እንዲህ ነው።

ዘመኑ የደርግ፣ ሰባዎቹ መጨረሻ ላይ። ሰፈሩ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ።

ደምመላሽን እናቱ ወይዘሮ ተናኘ ልብስ እየሰፉ ነው ያሳደጉት። ፊዚክስ ሲሉት እህል ውሃ የሚረሳ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ገብቶ መካኒካል ምህንድስና ተማረና ተመረቀ።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ተመደበ። ግን ዋናው መሐንዲስ ፈትኖ ካልተቀበለው ተመልሶ አዲስ አበባ ደጅ መጥናት ነው። እንደዚያ ሆነው የተመለሱ ጓደኞቹ ዓመት አልፏቸው ገና እየጠበቁ ነው።

ሌላም ጭንቅ አለ… ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ በጴንጤነቱ ከሥራ የተባረረም የታሰረም ብዙ ነው።

በፈተናው ጠዋት እናቱ ኮሌታውን እያስተካከሉ "ልጄ፣ ምሳ ላይ ስትጸልይ ዓይንህን እንዳትጨፍን" አሉት።

የዚያን ዘመን አማኝ ዓይኑን ገልጦ መጸለይ ተክኖበት ነበር። እየጎረሰ፣ እያወራ፣ በልቡ ብቻ።

ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ ዋናው መሐንዲስ በቃል ጠየቁት፣ መለሰ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሠራተኛው ክበብ ገብቶ ተቀመጠ። ምግቡ ቀረበ…

ጭንቀት ያስረሳል። ዓይኑን ጨፈነ።

ሲገልጥ፣ ፊት ለፊቱ ዋናው መሐንዲስ አብዱልወሀብ እያዩት ነው። ቶሎ ብሎ ጎረሰ።

ከሰዓት መሐንዲሱ ብቻውን ቦይለሩ ያለበት ክፍል ወሰዱት። እንፋሎት የሚያመርተው ትልቅ ጋን ያጓራል፣ ግፊቱን የሚለካው ጌጅ ላይ ቀስቱ ይርገበገባል፣ ክፍሉ ይፋጃል።

"እዚህ ውስጥ ውሃው መቶ ዲግሪ ላይ ለምን አይፈላም?"

"ግፊቱ ይይዘዋል፣ ጓድ። ግፊት ሲጨምር የሚፈላበት ሙቀትም ከፍ ይላል።"

"ሰው ትቶት ቢሄድስ?"

"ውሃው ሲጎድል የሚያይ ሰው ከሌለ ሊፈነዳ ይችላል። ቦይለር ብቻውን አይተውም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ…

"ምሳ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ ምን ታደርግ ነበር?"

"ራሴን አሞኝ" የምትለው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ማን ያውቃል? ምስክር የለ። ሊላት አፉን ከፈተ፣ አፉ ግን አልታዘዘውም።

"እየጸለይኩ ነበር። ጴንጤ ነኝ።"

መሐንዲሱ በትከሻው ላይ አሻግረው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። "ይበቃል። ሂድ" አሉት።

በቃ…

አውቶቡሱ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያ ሁሉ የትምህርት ዓመት በአንዲት ቃል ውሃ በላው።

ለእናቱ ነገራቸው። እሳቸውም "ዋሽተህ ብትቀጠር እንጀራው አይዋጥልኝም ነበር" አሉት።

እሱም እሁድ እሁድ ቤታቸው ተሰብስበው የሚጸልዩትን "እሁድ አትምጡ፣ አጋልጫችኋለሁ" ብሎ ለመነ። እነሱ ጭራሽ ለእሱ ሥራ ሊጸልዩ ተጠራርተው መጡ።

መዝሙሩ ሞቅ ሲል ነው እንግዲህ ላንድሮቨሯ የቆመችው…

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ተናኘ ከፈቱ።

አብዱልወሀብ ብቻቸውን ናቸው። ካድሬ የለ፣ ወታደር የለ።

"እንደምን ዋሉ፣ እትዬ። ልጅዎን ፈልጌ ነበር።"

ወደ ውስጥ አዩ። የታጨቀ ሰው፣ የተዘጋ መጋረጃ፣ በርበሬ የለበሰ የፀሐይነሽ እጅ…

"ዱዓ ላይ ናችሁ መሰለኝ" አሉ። "አልይዛችሁም።"

ደምመላሽ ወጣ። "ጓድ መሐንዲስ…"

"እዚህ ጓድ አትበለኝ። ያን ቀን ሂድ ያልኩህ ካድሬው ከኋላህ ሲገባ አይቼ ነው። አንዲት ቃል ብትጨምር አልቆልህ ነበር።"

መሐንዲሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ስማኝ። አርብ አርብ የቦይለሩን ልጆች ጁምዓ እንዲሰግዱ እለቃቸዋለሁ። ቦይለሩን ለማን ትቼ ልሂድ? እኔ እቀራለሁ። ወላሂ፣ ጁምዓ ከሰገድኩ ዓመታት አለፉ።"

"ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው አላጣሁም" ብለው ቀጠሉ። "ሳያይ 'አየሁት' የሚለኝ ነው የበዛብኝ። አንተ እንደሚጎዳህ እያወቅህ ካልዋሸኸኝ፣ 'ጌጁን አንብቤዋለሁ' ስትለኝም አምንሃለሁ።"

"አርብ አንተ ጠብቅልኝ፣ እሁድ እኔ እጠብቅልሃለሁ። ነገ ሥራ ግባ። አብሽር።"

ወይዘሮ ተናኘ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ተሸፍነው አለቀሱ… ከዚያ ሳቁ። ፀሐይነሽ "ጌታ ይመስገን" እያለች በበርበሬ እጇ ዓይኗን ጠረገችና ሌላ ለቅሶ ተጀመረ።

መሐንዲሱ መኪናዋ ጋ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ።

"እትዬ፣ መዝሙሩን ቀጥሉ። ግን ድምፃችሁ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል፣ ትንሽ ቀነስ አድርጉት።"

አርብ ደረሰ። አብዱልወሀብ ነጭ ኮፍያቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ከልጆቹ ጋር ከግቢው ወጡ።

ደምመላሽ ቦይለሩ ፊት ብቻውን ቀረ። ስለ ሥራው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ እኚህም ሰው አምላኩን አመሰገነ።

በዚህ ጊዜ ግን ዓይኑን ገልጦ ነበር… ጌጁ ላይ።

ወዳጆቼ… ትምህርት የፋብሪካውን በር ያስከፍታል። ሰው እሳቱን ትቶልህ ልቡ ሳይሰጋ የሚሄደው ግን እውነተኛነትህን አይቶ ነው።

እስቲ እናንተ… ያን ቀን ቦይለሩ ክፍል ውስጥ ብትሆኑ "ራሴን አሞኝ ነው" ትሉ ነበር ወይስ እውነቱን? ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ…